በሁለት በሮች መካከል፦ ተማሪ በትምህርቱ አጋማሽ ለምን ይዝላል?

 

የዛሬው ጥያቄዬ ሲነገር ቀላል፣ ሲመረመር ግን ከባድ ነው። አንድ ተማሪ የመግቢያውን ፈተና አልፎ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ተቋቁሞ፣ ሁለተኛውንም ከተሻገረ በኋላ፣ የምረቃው ቀን በሚቃረብበት ሰዓት ለምን ይዝላል? ሲመጣ ያልፈራ፣ ሲጀምር ያልደከመ ልጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሲደርስ ምን ያገኘዋል? እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስለ ሰው ልቡና ሕመምና መድኀኒት የሚናገሩ ባለሙያዎች ሌሎች አሉ። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ታሪክ ያለው ጥያቄ ነው። አገራችን ከዛሬው ዩኒቨርሲቲ በፊትም ረጅም ትምህርት ስታስተምር ኖራለች፤ በረጅም ትምህርት ውስጥ ደግሞ ምንጊዜም አጋማሽ አለ።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረኝ። በአንደኛና በሁለተኛ ዓመት ውጤቱ ከክፍሉ ከፍተኛ ከሚባሉት መካከል ነበር። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የጽሑፍ ሥራውን አላስገባም፤ ዘገየ ብዬ አለፍሁት። አጋማሽ ፈተናውን ተፈትኗል፤ ውጤቱ ግን የእርሱ አይመስልም ነበር፤ እርሱንም አለፍሁት። የመንፈቅ ዓመቱን ውጤት ስሞላ ስሙ አጠገብ የሚጻፍ ነገር አጣሁ። ልጁ ግቢውን ከለቀቀ ስድስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ማስረጃ ሊያወጣ ሲመጣ አገኘሁትና ምን እንደ ደረሰበት ጠየቅሁት። የቀረው በአንድ ቀን ውሳኔ እንዳልነበረ፣ ጥቂት በጥቂት እንደ ራቀ፣ አንድ ሰው ቢጠይቀው ኖሮ የሚመልሰው መልስ እንኳ አዘጋጅቶ እንደ ነበር ነገረኝ። የሚጠይቀው ግን አልመጣም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

ስለዚህ ጉዳይ በመምህራን ክበብ ስንጨዋወት ሁለት መልሶች ይዘወተራሉ። አንደኛው የዘመኑ ተማሪ ከታች ሳይዘጋጅ ይመጣል የሚል ነው። ሁለተኛው እንግሊዝኛው አይገባውም የሚል ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ይሁን እንጂ የዝግጅት ማነስና የቋንቋ ችግር በይበልጥ የሚያስረዱት በመጀመሪያው ዓመት የሚወድቀውን ተማሪ ነው። ሁለት ዓመት በዚያው ዝግጅት፣ በዚያው እንግሊዝኛ አልፎ በሦስተኛው የሚዝለውን ተማሪ ለማስረዳት ግን ሌላ ነገር መፈለግ አለብን። ወንዝ የሚጠልቀው መሀሉ ላይ ነው። የተነሡበት ዳር ርቋል፤ የሚደርሱበትም ገና አልተጨበጠም።

የዛሬው መከራከሪያዬ ይህ ነው። በየዘመኑ የነበሩ የትምህርት ሥርዓቶቻችን ለአጋማሹ ምን እንዳዘጋጁለት ብንመረምር፣ የተማሪው መዛል በአብዛኛው የባሕርይ ድክመት እንዳልሆነ እንረዳለን። ተማሪው የሚዝለው ሥርዓቱ በማያየው ቦታ ላይ ነው። እኛ ደግሞ በዘመናችን የመግቢያውንና የመውጫውን በር በብርቱ ስንጠብቅ፣ በሁለቱ በሮች መካከል ያለውን ቤት ባዶ ትተነዋል።

ከቅኔ ቤት ልጀምር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ቤት የሚዘልቅ የብዙ ዓመታት ጉዞ ነው። ንባብና ዜማ በአብዛኛው የሚጠይቁት መቀበልን ነው፤ መምህሩ ያለውን መያዝ፣ መድገም፣ አለመሳት። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ጥያቄው ይለወጣል። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ከተማረ በኋላ የራሱን ቅኔ እንዲያመጣ ይጠበቃል። ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ በዘአምላኪየ አልፎ፣ ባለ ስምንት ቤት እስከሆነው መወድስና ከዚያም በላይ ይወጣል። ቀን በየጥጉ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ በመምህሩ ፊት ያቀርባል። መምህሩም ያርመዋል፣ ይመልሰዋል፣ አንዳንዴም ያመሰግነዋል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች ላስተውል እወዳለሁ። አንደኛ፣ ከመቀበል ወደ መፍጠር የሚደረገው ሽግግር በደረጃ የተከፈለ ነው። ጉባኤ ቃና ያልሞላለትን ልጅ መወድስ አምጣ የሚለው የለም። ሁለተኛ፣ የተማሪው ሥራ በየዕለቱ ይሰማል፤ ስለዚህ ከጉባኤው የጎደለ ተማሪ በማግስቱ ይታወቃል። ሦስተኛ፣ በመምህሩና በጀማሪው መካከል አስነጋሪው አለ። አስነጋሪ ማለት ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰ፣ ግን ገና ተማሪ የሆነ ሰው ነው። ለታናናሾቹ ያስረዳል፤ በማስረዳቱም የራሱ እውቀት ይጸናል። በአጋማሽ ላይ ያለው ተማሪ ገና ያልጨረሰ ቢሆንም ከወዲሁ ይፈለጋል። በአንዱ መምህር ዘንድ ያልተሳካለትም ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ዋድላ መሻገር የትጋት ምልክት እንጂ ነውር አልነበረም።

ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ለማስዋብ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ሕይወት የረኃብ፣ የብርድና የበሽታ ሕይወት ነበር። ውሻ እየነከሰው እህል ለምኖ የሚማር ልጅ ኑሮ የሚያስቀና አይደለም። ሴቶችም በዚያ ጉባኤ የነበራቸው ቦታ እጅግ ጠባብ ነበር። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ያ ሥርዓት አጋማሹን ያውቀው ነበር።

ወደ ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት እንምጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል በሆኑት ካናዳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት፣ በጥቂት መምህራንና በጥቂት ተማሪዎች የጀመረ ተቋም ነበር። በዚያ ዓይነት ተቋም ውስጥ ተማሪ ጠፍቶ ሳይታወቅ አይቀርም፤ መምህሩ በስሙ ያውቀዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን በአንድነት ሲያሠለጥን፣ ከክፍል ትምህርቱ ጎን በጤና ጣቢያ የሚሠራ የቡድን ሥራ የሥልጠናው አካል ነበር። ተማሪው የሚማረው ነገር ለማን እንደሚጠቅም ከመመረቁ በፊት በዐይኑ ያየው ነበር።

በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ፣ ለዛሬው ጉዳያችን ዋና የሆነው ነገር መጣ። ከ1957 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በሥራ ላይ ዋለ። ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት፣ በተለምዶ ሦስተኛውን ዓመት ሲጨርሱ፣ ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ግዴታ ተጣለባቸው። አብዛኞቹ የተመደቡት መምህር ሆነው ነበር። መጠነኛ አበል ይከፈላቸዋል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ተመልሰው የመጨረሻውን ዓመት ይማራሉ።

ይህ አገልግሎት ተማሪውን ከዝለት ለማዳን ታስቦ የተነደፈ አልነበረም። የተነደፈው ለአገሪቱ የመምህራንና የባለሙያ እጥረት፣ እንዲሁም ከሕዝቡ የራቀ ምሁር እንዳይፈጠር ነበር። ከተማሪዎቹ መካከል በግዴታው ያጉረመረሙ ነበሩ። ነገር ግን አንድ ሥራ ሳይታሰብ ሌላ ፍሬ ማፍራቱ በታሪክ የተለመደ ነው። ሦስት ዓመት ከመጽሐፍ ጋር የኖረ ወጣት በድንገት ራሱን ጥቁር ሰሌዳ ፊት፣ በአርባና በሃምሳ ልጆች ዐይን ሥር አገኘው። ትናንት ለፈተና ሲል የያዘውን ዛሬ ለሌላ ሰው ማስረዳት ነበረበት። ለእርሱም አስነጋሪነቱ ይህ ነበር።

በሌላም በኩል፣ ጭሰኛው ከምርቱ ምን ያህል እንደሚከፍል፣ አቤቱታውም የት እንደሚቀር በቅርብ አየ። «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥያቄ በየካቲት 1957 ዓ.ም. አደባባይ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ አገልጋዮች ገና በምድባቸው ላይ ነበሩ፤ ስለዚህ ጥያቄውን አገልግሎቱ ወለደው ማለት አይቻልም። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ግን ከክፍለ ሀገር የተመለሱት ተማሪዎች ለእንቅስቃሴው የዐይን ምስክሮች ሆኑለት። ዩኒቨርሲቲው በአጋማሹ የላካቸው ልጆች ዓላማ ይዘው ተመለሱ፤ ዓላማው መንግሥት የጠበቀው አለመሆኑ ሌላ ነገር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን አጋማሹን በሌላ መልክ ቈረጠው። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻን ሲያውጅ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከመምህራኖቻቸው ጋር፣ በጠቅላላው ወደ 60,000 የሚጠጉ ሰዎችን፣ ወደ ገጠር አዘመተ። ዘማቾቹ መሠረተ ትምህርት አስተማሩ፤ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላም የገበሬ ማኅበራትን በማደራጀት ተሳተፉ። ከባለ ርስቶችና ከአካባቢ ባለ ሥልጣናት ጋር የተጋጩ፣ የሞቱም ነበሩ። ብዙዎች የዘመቻ ጣቢያቸውን ጥለው ወጡ። መደበኛው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለሁለት ዓመት ገደማ ተቋርጦ ሲከፈት ደግሞ የጠበቃቸው የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ነበር። ከዚያ ትውልድ መካከል ትምህርቱን አጋማሽ ላይ የተወው በስንፍና ነው የሚል ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይኖርም።

አገልግሎቱንና ዘመቻውን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። ሁለቱም ተማሪውን ከክፍል አውጥተው ወደ ገጠር ላኩት። በአገልግሎቱ ግን ተማሪው የሚመለስበትን ቀን ያውቅ ነበር፤ ቦታው ተጠብቆለታል፤ ያየውን ይዞ የሚገባበት ክፍል አለ። በዘመቻው መመለሻው አልታወቀም፤ የሚመለስበትም ቤት እንደ ተወው አልቈየም። ስለዚህ ተማሪን ከትምህርት የሚለየው የዕረፍቱ ወይም የመቋረጡ መኖር ብቻ አይደለም። ሲመለስ የሚቀበለውና ሲጠፋ የሚፈልገው መኖሩ ነው ልዩነቱ።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንድረስ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በፍጥነት በዙ። በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ትታወቅ የነበረች አገር ዛሬ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት። ቀድሞ ዩኒቨርሲቲ ሊደርሱ የማይታሰቡ የገበሬና የአርብቶ አደር ልጆች፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ ደጁን ረግጠዋል። ይህን ድል የሚያቃልል ታሪክ ጸሐፊ ሚዛኑን ስቷል።

ነገር ግን በዚያው ጊዜ አጋማሹ ጠበበ። በ1990ዎቹ የመሰናዶ ትምህርት ሲጀመር የአብዛኛው የዲግሪ ትምህርት ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ወረደ። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትን የመሰለ ለሁሉም ተማሪ የሚሆን የመሀል ዓመት አልተመለሰም። የወጪ መጋራት ሥርዓት በ1996 ዓ.ም. ሲጀመር ተማሪው ከምረቃ በኋላ የሚከፍለውን ዕዳ እየቈጠረ መማር ጀመረ። በርካታ ተማሪዎች ያልመረጡት የትምህርት ክፍል ደረሳቸው፤ ምደባው በውጤትና በቦታ ብዛት ስለሚወሰን ሕግ ሊያጠና የመጣ ልጅ ሌላ ሲያጠና ይገኛል።

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሶ የዲግሪው ጊዜ ሲረዝም፣ የመግቢያው በር ጥበቃ ተጠናከረ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ሲፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከቀሩት ለተወሰኑት የማካካሻ ትምህርት ተዘጋጀ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ተሰጠ፤ ከተፈተኑት ከግማሽ የሚያንሱት አለፉ። ስለ ሁለቱም ፈተናዎች በየቤቱ፣ በየመገናኛ ብዙኃኑ ብዙ ተባለ። በሁለቱ መካከል ስላሉት ዓመታት ግን ምን ያህል ጊዜ ሰማችሁ?

በእነዚያ ዓመታት ውስጥ በተማሪው ላይ የሚደርሰውን ከብዙ ዓመታት የማስተማር ሥራ ባየሁት መጠን ላስረዳ። መጀመሪያ፣ የመጣበት ስንቅ ያልቃል። የመግቢያ ፈተናውን ያለፈ ልጅ የሰፈሩ ኩራት ነው፤ ሲሸኙት ተመርቆ፣ ተስሞ ነው። ያ ሙቀት አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ይሸኘዋል። በሦስተኛው ዓመት ቤተሰቡ ለምዶታል፤ ታናናሾቹ ተከትለውታል፤ ከአባቱ ኪስ የሚላከው ገንዘብ ቀንሷል። ቀጥሎ፣ የትምህርቱ ጥያቄ ይለወጣል። ሁለት ዓመት ማስታወሻ ይዞ፣ ሸምድዶ ያለፈ ተማሪ በሦስተኛው ዓመት የራስህን ጥያቄ አንሣ፣ የራስህን ጽሑፍ አምጣ ይባላል። ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት የመሻገር ያህል ነው፤ ግን ጉባኤ ቃናውን ሳናሳየው መወድስ እንጠይቀዋለን፤ የሚያርመው ሲያጣም በራሱ ያፍራል። በመጨረሻም፣ የመውጫው ተስፋ ይደበዝዛል። ቀድመውት የተመረቁ የሰፈሩ ልጆች ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ በበዓል ሄዶ ያያቸዋል። የመነሻው ስንቅ ባለቀበት፣ የመድረሻው ተስፋ በደበዘዘበት፣ መንገዱም በከበደበት ቦታ ላይ ሦስቱ ይገጣጠማሉ። ይህ ቦታ አጋማሹ ነው።

በዚህ ላይ የየጊዜው መቋረጥ ተጨምሮበታል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት መጋቢት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ደግሞ በዚያ ይማሩ የነበሩ ተማሪዎችን ከትምህርታቸው ለየ። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል የተመለሱት እንደ ወጡ አልተመለሱም። እኛ ግን በአብዛኛው የተቀበልናቸው ባቆሙበት ገጽ ላይ ነው፤ የትምህርት መርሐ ግብሩን አጠበብንላቸው እንጂ ምን እንዳዩ አልጠየቅናቸውም።

ታሪክ ያለፈውን እንዲገለብጡት አይጠይቅም፤ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም እንደ ነበረ ይመለስ አልልም። ከታሪኩ የሚወጣው ምክር ግን በእጃችን ያለ ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የአንደኛ ዓመቱን በሥርዓት እንዲያስጠና ብናደርግ፣ ለሥራውም ዋጋ ብንሰጠው፣ አስነጋሪነትን መለስን ማለት ነው። የምህንድስናና የጤና ተማሪዎች ያላቸውን የተግባር ቆይታ ለታሪክ፣ ለቋንቋና ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪም ብናበጅለት፣ ያለ አስገዳጅነቱ የአገልግሎቱን ፍሬ እናገኛለን። ስንት እንደ ገቡና ስንት እንደ ተመረቁ በየዓመቱ እናስታውቃለን፤ በየትኛው ዓመት ስንት እንደ ቀሩም ብናስታውቅ ክፍተቱ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው መንፈቅ እንደሆነ ይታያል። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ወጪ የሌለው ነው፤ ሁለት ሳምንት የጠፋን ተማሪ መጠየቅ። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል በዚህ ሰዓት መሀል ወንዝ ላይ የቆመ አለ። ስሙን አላውቅም፤ መኖሩን ግን አልጠራጠርም። ዝለትህን የስንፍና ማስረጃ አድርገህ አትውሰደው። አንቺም እንዲሁ። ከእናንተ በፊት ቅኔው አልመጣ ብሎት በየጥጉ ያለቀሰ፣ በክፍለ ሀገር ጥቁር ሰሌዳ ፊት የተንቀጠቀጠ፣ ከዘመቻ ተመልሶ ወንበሩን ያጣ ትውልድ አለ። በራችንን አንኳኩ። ወላጆችም፣ ልጃችሁ በበዓል ሲመጣ ውጤቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ጓደኞቹን፣ እንቅልፉንና ምግቡን ጠይቁ።

በመጨረሻ ወደ ጀመርሁበት ልመለስ። ያ ተማሪ ማስረጃውን ወስዶ ሄደ፤ በማታው መርሐ ግብር ተመዝግቦ ትምህርቱን እንደ ቀጠለ ኋላ ሰማሁ። እርሱን የመለሰው እኔ አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ ግን በየመንፈቅ ዓመቱ አራተኛ ሳምንት ላይ የክፍሌን ስም ዝርዝር ይዤ እቀመጣለሁ፤ ሥራ ያላስገባውን፣ ድምፁ የጠፋውን እለያለሁ፤ በማግሥቱም እጠይቃለሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። የእናንተንም ዝርዝር እንድታወጡ ባልደረቦቼን በትሕትና እለምናለሁ።